እህቴ ሯጭ ናት፤ የእግሯ አገዳ አልተዋት አለ። ልምምድ ታቁም?

ጥያቄ፦ የማርቆስ ልጅ
እንደምን ሰነበታችሁ። እህቴ 17 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ፕሮጀክት ውስጥ 5,000 ሜትር ትሮጣለች። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ሜዳው ጭቃ ስለሆነ ልምምዱ ወደ አስፋልት ዞሯል፤ ጠዋት ጠዋት በደምበጫ መንገድ ይሮጣሉ። የግራ እግሯን አገዳ ከውስጥ በኩል ማመም ከጀመራት ሦስት ሳምንት ሊሆን ነው። መጀመሪያ ሰውነቷ ሲሞቅ ይተዋት ነበር። አሁን ግን ስትራመድም ያማታል፤ ሌሊት ተኝታም ይጠዘጥዛታል። እናታችን ወጌሻ ዘንድ ወስጄ ላሳሻት ትላለች። አሠልጣኟ የጡንቻ ነው፣ ቅባት ተቀቢና ሩጪ ይላታል። መስከረም ላይ ማጣሪያ ስላለባት እሷም ማረፍ አትፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ባሕር ዳር
ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ ያሳሰበኝ "ሌሊት ተኝታም" ያልከው ነው። አገዳዋን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣትህ ቀስ እያልክ ተጫንላት። ሕመሙ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ከሆነና ስታርፍ የሚተዋት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ አጥንቱና ጡንቻው የሚያያዙበት ቦታ ተቆጥቶ ነው። አንድ ነጥብ ላይ "እዚህ ጋ!" ብላ ከጮኸች ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በአንድ እግሯ እያዘለላችሁ አትፈትኗት።

አጥንት በሩጫ ብዛት በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳል፤ ሰውነት ደግሞ የተጎዳውን እያነሣ በአዲስ ይተካል። ጫናው በድንገት ሲጨምር መተካቱ አይደርስም። ከለስላሳ ሜዳ በአንዴ ወደ አስፋልት መውጣት እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጫና ነው። ሐኪም እስኪያያት ሩጫውን ዛሬውኑ ታቁም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ራጁ ንጹሕ ነው ተብላ ወደ ሩጫ እንዳትመለስ፤ ጥርጣሬው ካለ የሚለየው ኤምአርአይ ነው።

መልስ፦ የቡሬው ሯጭ
እኔ በዚሁ አገዳ ነው ሩጫ ያቆምኩት። ወጌሻ በቅቤ አሸኝ፣ ከዚያ የማስታገሻ መርፌ ተወግቼ ውድድር ገባሁ። ሕመሙ ስለጠፋ የዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ስሮጥ ቀጭ አለ፣ ስንጥቁ ሙሉ ስብራት ሆነ። ወጌሻ ለወለምታ እጁ ይባረክ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን የሚችል እግር ግን አይታሽም። ለእናትህ ይህንን ንገርልኝ። ለእህትህ ደግሞ የቀነኒሳን ንገራት፦ በባቱ ጉዳት ስንት ጊዜ ከሩጫ ርቆ፣ መስከረም 2012 በርሊን ላይ ማራቶን በ2:01:41 ገባ። 17 ዓመት ገና ምኑም አይደለም።

መልስ፦ ነርስ፣ ዳንግላ
ወንድምዓለም፣ ይህን ለአንተ መጠየቅ ይከብድሃልና እናትህ ትጠይቃት፦ የወር አበባዋ በጊዜው ይመጣል? ብዙ የምትሮጥ ልጅ የሚበቃትን ያህል ካልበላች ሰውነቷ ይቆጥባል፤ የወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷም ይሳሳል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ችግር ስም ሰጥቶ አሠልጣኞች እንዲያውቁት አሳስቧል። ወንዶችንም ይነካል። አሁን ፍልሰታ ነው፤ ማልዳ ሮጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የምትውል ከሆነ ለንስሐ አባቷ ሕመሟን ትንገራቸው። ጾም ፍቺ የምለው እኔ አይደለሁም፤ ለታመመ ሰው ግን እሳቸው መላ አያጡም። የጎጃም ጤፍ ካልሲየም አለው፣ ሽሮውም ጎመኑም ጥሩ ነው፤ ችግሩ መጠኑና ሰዓቱ ነው።

የማርቆስ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአውራ ጣቴ ስጫናት አንድ ቦታ ላይ እግሯን ነጠቀችኝ። እናቴም ጠየቀቻት፤ የወር አበባዋን ካየች አራት ወር ሆኗታል። ለማንም አልተናገረችም ነበር። ሐኪሙ ራጁ ላይ ምንም አላየም፣ ግን ምልክቱን ሰምቶ ለኤምአርአይ ወደ ባሕር ዳር ጽፎላታል። ሩጫ አቁማለች፤ ስታለቅስ ነው የዋለችው። እስከዚያ ሰውነቷ እንዳይፈታ ምን ትሥራ?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ባሕር ዳር
አይዟት። ስንጥቅ ከሆነ እንደ ቦታው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያለ ሩጫ ይጠይቃል፤ በአገዳው ፊት ለፊት ያለው ግን ከዚህም ይረዝማል። የመስከረሙን ማጣሪያ ከአሁኑ ተዉት። ስትራመድ ካነከሰች ክራንች ትያዝ። ሐኪሙ ከፈቀደና ካላመማት ቋሚ ብስክሌት ትንዳ፣ የሆድና የዳሌ ጡንቻ ልምምድ ተኝታ ትሥራ። ስትመለስ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም ትራመድ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀች በሣር ላይ ትጀምር፣ ቀን እየዘለለች። ካመማት አንድ እርከን ወደ ኋላ ትመለስ። የወር አበባዋ መቅረትም የራሱ ምርመራ ስላለው ሐኪሙ ደብዳቤው ላይ እንዲጽፈው ንገሩት። ለኤምአርአይ ስትመጡ ጫማዋንም ይዛችሁ ኑ፤ ሶሉ በየት በኩል እንደተበላ አየዋለሁ።