የኅዳሩ የጋራ ውይይት፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ (ሰኞ ማታ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። እሑድ በተነጋገርነው መሠረት፣ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ የጋራ ውይይት ለቢሮው የምናቀርበውን ሰነድ ጀምሬዋለሁ። ርዕሱን ታውቁታላችሁ፦ ክርስትናና እስልምና ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ምን ይላሉ? ሁለት ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሁለቱም ሃይማኖቶች ሰላምን ይሰብካሉ» ይላል። እዚያው ላይ ተገትሬ ቀረሁ። እውነት ለመናገር እየጻፍኩት እንቅልፌ መጣ።

የታሪክ መምህር
ሰርዘው። ይቺን ዓረፍተ ነገር በየስብሰባው ሰምተናታል። ከራሳችን እንጀምር። ጄኔቫ ላይ በ1925 እ.ኤ.አ. የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ። ጣሊያን በ1928 እ.ኤ.አ. አጸደቀችው። ከዚያ በ1928 ዓ.ም. እኛው ላይ ረጨችው። አንዱ በእነሱ ቆጠራ፣ አንዱ በእኛ፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው የተናገሩትን አንብቡት። አውሮፕላኖቹ በዘጠኝ፣ በዐሥራ አምስት፣ በዐሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ ሲረጩ ጭጋጉ አንድ ወጥ መጋረጃ እንደሆነ፣ ሰውም ከብቱም ወንዙም ግጦሹም እንደራሰ ይዘረዝራሉ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ስድሳ ዓመት።

ገንዘብ ያዥ
መምህር፣ ይሄ ታሪክ እንጂ ሃይማኖት አይደለም። ቢሮው ይመልስብናል። ያለፈው ፕሮፖዛላችን አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ወር ከርሞ «ፎርማቱ ልክ አይደለም» ተብሎ እንደተመለሰ አትርሱ።

የታሪክ መምህር
ሃይማኖቱ ውስጡ አለ። ጦርነቱ ሲጀመር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ካቴድራላቸው ውስጥ ሆነው ወታደሩ ለኢትዮጵያ መስቀል ይዞላት እንደሄደ ሰብከዋል። ሙሶሊኒ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ይዞ ፎቶ ተነሳ። ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛታቸው መናገሻ አድርገው ሙስሊሙን እንወዳችኋለን ያሉትም ያኔ ነው። ለአንዱ መስቀል፣ ለሌላው ሰይፍ። ጋዙ ግን ሲወርድ ማተብ ያሰረና ያላሰረ አልለየም።

ነርሷ
ስለ ጋዙ እኔ ልጨምር። ብዙ ሰው እንደ እሳት ወዲያው የሚያቃጥል ይመስለዋል። አይደለም። የነጭ ሽንኩርት ወይም የሰናፍጭ ዓይነት ሽታ አለው፣ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውም ለዚያ ነው። ሰውየው ምንም ሳይሰማው መንገዱን ይቀጥላል። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይኑ ያብጥና ይዘጋል። የእኛ ሰው ደግሞ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። የተረጨበትን ሣር ረግጦ ያልፋል። እግሩ ሲነድ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙም ተረጭቷል።
አያቴ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ የተጨማደደ ቆዳ ነበራቸው። ልጅ ሆኜ ቅቤ ስቀባቸው እጄ እዚያ ጋ ሲደርስ ይለሰልስብኝ ነበር፣ ልክ እንደ ብራና። «ዝናብ ነው» ነበር የሚሉት። ሌላ ስም አልሰጡትም።

ኡስታዝ
አላህ ይዘንላቸው። ሰናፍጭ ስትይ አንድ ነገር መጣልኝ። ቁርኣን በአንቢያእ ምዕራፍ (21፥47) በፍርድ ቀን የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ሥራ እንኳ ብትሆን ትመጣለች፣ ማንም አይበደልም ይላል። በወንጌልም ሰናፍጭ አለች አይደል፣ ዲያቆን?

ዲያቆን
አለች እንጂ ኡስታዝ። ማቴዎስ 13 ላይ ከዘር ሁሉ ታንሳለች፣ አድጋ ግን ወፎች ይሰፍሩባታል። በሁለቱም መጻሕፍት ትንሿ የምትቆጠርባት ዘር ናት። እነሱ መርዙን በእሷ ስም ጠሩት።

ጸሐፊ
የውይይቱ ርዕስ ተገኘ። «ሰናፍጭ»። ተቃውሞ ያለው?

ገንዘብ ያዥ
ሰው የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ይመስለዋል። ከሥር ማብራሪያ ይግባበት።

ኡስታዝ (ማክሰኞ ጠዋት)
የእኛን ወገን ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡበክር ወደ ሻም (ሶርያ) የሚሄደውን ጦር ሲሸኙ የሰጡት ትእዛዝ በኢማም ማሊክ የሐዲስ መጽሐፍ፣ በሙወጦእ፣ ውስጥ አለ። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ አትግደሉ። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ አትቁረጡ። የሰው መኖሪያ አታፍርሱ። ራሳቸውን ለአምልኮ ለይተው በገዳም የተቀመጡትን ተዋቸው። በሐዲስም በእሳት የሚቀጣው የእሳቱ ጌታ ብቻ ነው ተብሏል። ሂሮሺማን ያየ ሰው ይቺን ሐዲስ ሲሰማ ዝም ይላል።

ዲያቆን
ዛፉ! ዘዳግም 20፥19 ከተማ ስትከብቡ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ አትቁረጡ ይላል። እሳቱም አለ። ሉቃስ 9 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስ አንዲት የሳምራውያን መንደር አላስተናገደችንም ብለው «እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው እንድንል ትወዳለህን?» አሉ። ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። ወደ ሌላ መንደር ሄዱ፣ አለቀ።

ቡና አምራቹ
እኔ መጽሐፍ ጠቃሽ አይደለሁም። ዛፉ ላይ ግን ልናገር። ቡና ተክለህ ለቀማ እስክትደርስ ሦስት አራት ዓመት ትጠብቃለህ። ጥላ ዛፉ ደግሞ አባትህ የተከለው ነው። ወታደር የሚገድለው ፊቱ የቆመውን ነው። ዛፍ የሚያጠፋ ግን ገና ያልተወለደውን ልጅ ነው የሚያስርበው። ሁለቱም መጽሐፎች ይቺን አውቀዋል ማለት ነው። ሰነዱ ውስጥ ይቺ ትግባ፣ ጅማ ላይ ማንም ይገባዋል።

የግቢው ተማሪ
ይቅርታ፣ እኔ ልረብሽ ነው። እኩዮቼ ስልካቸውን ከፍተው ያፋጥጡናል። እዚያው ዘዳግም 20 ላይ፣ ከዛፉ ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ፣ በአንዳንድ ከተሞች ነፍስ ያለውን ሁሉ አታስቀሩ ይላል። ቁርኣን 59፥5 ላይ የተቆረጡ ዘንባባዎች አሉ። 8፥60 ጠላትን የምታሸብሩበትን ኃይል አዘጋጁ ይላል። ፓኪስታን በ1998 እ.ኤ.አ. ቦምቧን ሞከረች። አሜሪካና ሩሲያ ክርስቲያን የበዛባቸው አገሮች ናቸው። የሩሲያ የኑክሌር ማዕከል ያለው ሳሮቭ ከተማ፣ የቅዱስ ሴራፊም ገዳም በነበረበት ቦታ ነው። የኑክሌር መሣሪያ ሠራተኞቹም ቅዱሱን ጠባቂያችን ይላሉ። ይሄን ዘለን ካለፍን ውይይቱ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ሰብሳቢዋ
አልረበሽክም የኔ ልጅ። እንዲያውም ሁለተኛው ገጽ ይሄ ይሁን። ኡስታዝ፣ ስምንተኛውን ሱራ ምን ይላሉ?

ኡስታዝ
ልጁ እውነቱን ነው። አንቀጿ ኃይልንና የታሰሩ ፈረሶችን ትጠቅሳለች። ከሊቃውንት ጠላት ያለው ነገር ለእኛም ሊኖረን ይገባል፣ ለማስፈራሪያ ያህል፣ የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሕፃኑን ከወታደሩ መለየት የማይችል መሣሪያ ከመሠረቱ አይፈቀድም ይላሉ። ክርክሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። የድሮ ፉቀሃዎች፣ የሃይማኖት ሕግ ሊቃውንቱ፣ መንጀኒቅን፣ ያንን ድንጋይ ወርዋሪ፣ ሲያነሱ ይቺኑ ጥያቄ ጠይቀዋል፦ ግንቡ ውስጥ ሕፃናት ቢኖሩስ? አንድ ድምፅ የለንም። አለን ብዬ አልፈርምም። ካዛኪስታንን ግን ጻፉልኝ። ሴሚፓላቲንስክ በተባለው የሶቪየት የኑክሌር መሞከሪያ ላይ 456 ፍንዳታ የደረሰባት፣ ሙስሊም የበዛባት አገር ናት። የወረሰችውን መሣሪያ ትታ በ2019 እ.ኤ.አ. የኑክሌር ክልከላ ስምምነቱን አጸደቀች።

ዲያቆን
በእኛም በኩል አንድ ድምፅ የለም። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ1983 እ.ኤ.አ. ለማስፈራሪያ ብቻ መያዝን ለጊዜው፣ በቅድመ ሁኔታ፣ ታገሡት። ፖፕ ፍራንሲስ በ2019 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ሄደው መያዙም ራሱ ነውር ነው አሉ። ናጋሳኪ ላይ ደግሞ ቦምቡ የወደቀው ኡራካሚ ካቴድራል አጠገብ ነው፤ የጃፓን ካቶሊኮች ለዘመናት በስደት ያቆዩት እምነት እዚያ ነበር። ክርስቲያን የበዛባት አገር አውሮፕላን ነው የጣለው። «ነፍስ ያለውን ሁሉ አታስቀሩ» ስለሚለው ዛሬ አልመልስም። መድረኩ ላይ ግን አልሸሽም።

የግቢው ተማሪ
ይበቃኛል ዲያቆን።

ጸሐፊ (ረቡዕ)
ይሄን ጨምቄ ጽፌዋለሁ። የሁለተኛው ገጽ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «መጠቀሙ ኃጢአት ከሆነ፣ ለማስፈራራት ይዞ መቀመጡስ?» ሁለቱ መምህራን እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ፣ ከዚያ መድረኩ ክፍት ይሆናል። የፔሊንዳባንም ስምምነት አስገብቻለሁ። አፍሪካን ከኑክሌር ነፃ የሚያደርገው ነው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፣ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ቢሮ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።
ቀኑን በተመለከተ ኅዳር 21 ብያለሁ። የኬሚካል ጦርነት ሰለባዎች ዓለም አቀፍ መታሰቢያ ቀን ነው።

ዲያቆን
ኅዳር 21? ኅዳር ጽዮን እኮ ናት! ከእኛ ወገን አንድ ሰው አታገኝም፣ እኔንም ጨምሮ።

ገንዘብ ያዥ
ዓርብ ጁምዓ ነው፣ ሐሙስ ገበያ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ከመታሰቢያው ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት። ሌላ ቀን የለም።

ሰብሳቢዋ
ይጽደቅ። ምግቡስ? እንደ አምናው ሁለት ድስት፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ጭቅጭቅ እንዳይሆን።

ምግብ አስተባባሪዋ እማማ
የገና ጾም ይገባ የለ? ሥጋ የለም፣ ጣጣው ቀረ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል።

ገንዘብ ያዥ
ስልጆ አለ እማማ? ሰናፍጭ ይገባበታልና ከርዕሱ ጋር እንዳያስቅ።

ነርሷ
ይግባበት። አያቴ ይወዱት ነበር።

እማማ
እንግዲያው ባቄላውን እስከ ረቡዕ አምጡልኝ። ስልጆ ሳይብላላ አይበላም፣ ቀን ይፈልጋል።