የድንኳናችን ዚፕ አልዘጋም አለ፤ ነገ ጠዋት ወደ ባቢሌ እንነሳለን

የሳቢያኑ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የድንኳናችን ዚፕ አልዘጋም ብሏል። ነገ በ12 ሰዓት ከድሬዳዋ እንነሳለን፤ ልጆቹ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሳሎን ውስጥ ተኝተዋል። ቅዳሜን ዝሆኖቹ ዘንድ አድረን እሁድ ልንመለስ ነበር። ሱቁ ሁሉ ዘግቷል።

ብርቱካን፦ ሻማ እሹበት። ደረቅ ሳሙናም ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ከዚፑ በፊት የምትሄድበትን ስፍራ እወቅ። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል ይዘዋወራሉ እንጂ አንተን ቆመው አይጠብቁም። በለሱን ከነእሾሁ ይበሉታል፤ ጥሻው ውስጥ ከቆሙ አጠገባቸው ደርሰህም ላታያቸው ትችላለህ። ከሰው ጋር በእርሻ ሲጋጩ የኖሩ ስለሆኑ ቁጡ ናቸው። ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ መጠለያው ጠባቂ፣ አንድ እርምጃ እንዳትሄድ።

ጭር ያለው፦ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የእኛን የሐረሩን ጅብ ግን አገር ያውቀዋል፤ ከሰው አፍ ሥጋ ሲቀበል ፎቶ ይነሣል። ዚፑ ካልተዘጋ ቁርበቱን አንጥፉና ጠብቁት።

የሳቢያኑ፦ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ስካውት እንይዛለን። ሻማውንም አሸሁ። መንሸራተቱስ ይንሸራተታል፤ አሁንም አይዘጋም።

ልብስ ሰፊው፦ «አይዘጋም» ስትል የዚፑ ራስ አልሄድም ብሎ ነው ወይስ ሄዶ ከኋላው ይከፈታል?

የሳቢያኑ፦ ይሄዳል፣ ከኋላው ይከፈታል። ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ግልጽ አልነበረም። እንደዚህ ከሆነ ጥርሶቹ ደህና ናቸው፤ የሰፋው የዚፑ ራስ ነው። አሸዋ እየበላው ይላላና ጥርሶቹን አጥብቆ ማጋጠም ያቅተዋል። ፒንሳ አምጣ። ራሱን ወደ መነሻው መልሰው። ጥርሶቹ ተጋጥመው በሚወጡበት ጫፍ ላይ መጀመሪያ የግራውን ጎን ትንሽ ጨመቅ፣ ቀጥሎ የቀኙን፣ ከዚያ ሞክረው። ካልያዘ ድገመው። በአንድ ጊዜ በኃይል ከጨመቅኸው ግን ብረቱ ተሰባሪ ነው፤ ይሰነጠቅና ያበቃል። ከተሰነጠቀ ነገ ሐረር ላይ ስታልፉ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር ውረድ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት ነው፤ ሌላ ራስ የሚገጥምልህ አታጣም።

ተጓዡ፦ ሻማ ሞክሩ፤ በጣም ይረዳል።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ድንኳኑ ራሱ አይገባኝም። ባቢሌ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሐረር አልጋ ይዛችሁ እደሩና በጠዋት ሂዱ። ልጆቹ ዝሆን ባያዩ እንኳ በጅጅጋ መንገድ ላይ ያለው የዳካታ ሸለቆ አለላችሁ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ፣ አሁን ይወድቃል እያሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ሲመለሱ የባቢሌ ለውዝ ይገዛላቸዋል። እናንተ ግን ቆላው ውስጥ ክፍት ድንኳን ይዛችሁ… ወባውን ማን አሰበው?

የሳቢያኑ፦ እህቴ፣ ለልጆቹ ድንኳን ብዬ ቃል ገባሁ። አሁን ሐረር አልጋ ብላቸው ቤት አያስገቡኝም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እንግዲያውስ የትኛው ዚፕ ነው የተበላሸው? የውጩ ከሆነ ቀላል ነው። የውስጡ መረብ ከሆነ የአልጋ አጎበር ያዙ።

የሳቢያኑ፦ የውስጡ ነው። ጨመቅሁት፤ እስከ መሀል ያዘ! ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ይለቃል።

ልብስ ሰፊው፦ ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ ወጥረህ ነው አይደል? ጨርቁ ሲወጠር ሁለቱን ጎኖች ያለያያቸዋል። ገመዱን አላላውና ማዕዘኑ ላይ ጨርቁን በግራ እጅህ ሰብስበህ ጎትት። ካልሆነ መርፌ ቁልፍ ይዘህ ተነሣ።

ጭር ያለው፦ ልጆቹ ከነጫማቸው የተኙት ሳሎን ውስጥ አይደለም እንዴ? ድንኳኑን በላያቸው ላይ ነው የተከልኸው?

የሁለት ልጆች እናት (እሁድ ማታ)፦ ተመለሳችሁ? አጎበሩንስ ያዛችሁ?

ብርቱካን (ማክሰኞ)፦ ሰውየው ጠፋ። ልብስ ሰፊው፣ የእኔ የጉዞ ሻንጣም ከኋላው ይከፈታል። የዚፑ ራስ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ይጨመቃል?