በጨረር የታከመ በርበሬ ትበላላችሁ? (ክርክር)

ሚሚ (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ቅመም ልገዛ ገብቼ እሽጉ ላይ ክብ ውስጥ አበባ ነገር ያለበት አረንጓዴ ምልክት አየሁ፣ ሳነበው በጨረር የታከመ ይላል፣ ደንግጬ መለስኩት። ይሄ ነገር አገር ቤት በርበሬ ላይ ቢጀመር ትደግፋላችሁ ትቃወማላችሁ? ከነምክንያቱ።

ጋሽ ታዬ፦ ምን ያጠያይቃል! የኬሚካሉ አንሶ ደሞ ኒውክሌር እንብላ? ስለ ቼርኖቤል የሰማ ሰው ይሄን አይጠይቅም።

ሄኖክ፦ ጋሽ ታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱና ይሄ አይገናኝም። ቼርኖቤል ላይ ከፈነዳው የኒውክሌር ጣቢያ የወጣው ብናኝ ራሱ ነው ወተትና አትክልት ውስጥ የገባው፣ እዚህ ግን ጨረር አመንጪው ኮባልት 60 ብረት ውስጥ እንደታሸገ ነው፣ ምግቡ ከነካርቶኑ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይነካውም። ከሱ የሚወጣው ጋማ ጨረር የነቀዙንና የሻጋታውን ዲኤንኤ ይበጣጥሳል፣ ምግቡን ራዲዮአክቲቭ ለማድረግ ግን ጉልበቱ አይበቃም፣ ኤክስሬይ የተነሳ ሰው ጨረር ይዞ ቤቱ አይገባም አይደል? በፈረንጆች 1980 የፋኦ (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት)፣ የአለም ጤና ድርጅትና የአቶሚክ ኤጀንሲው ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው እስከ 10 ኪሎግሬይ (ምግቡ የሚቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ችግር የለውም ብለዋል፣ አሜሪካ ቅመም ላይ እስከ 30 ትፈቅዳለች።

ቤቲ፦ ሄኖኬ ድመቶቹንም ንገራቸዋ። አውስትራሊያ ውስጥ በጨረር የታከመ የድመት ምግብ የበሉ ድመቶች እግራቸው ሽባ ሆኖ በፈረንጆች 2009 የድመት ምግብ በጨረር ማከም ተከልክሏል።

ሄኖክ፦ እውነት ነው አልክድም። ግን መጠኑ ከ50 ኪሎግሬይ በላይ ነበር፣ የህንድ ማንጎ ከፈረንጆች 2007 ጀምሮ አሜሪካ የሚገባው በ0.4 ነው፣ ድንች እንዳይበቅል የሚሰጠው ደሞ ከዛም ያንሳል። ድመቶቹ ዋና ቀለባቸው እሱ ነበር፣ በርበሬ ብቻ በልቶ የሚያድር ሰው የለም (እኛን ሳይጨምር ሃሃሃ)።

ያሬድ (መርካቶ)፦ እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ጨረሩን ትፈራላችሁ ለነቀዝ የምንጠቀምበትን ክኒን ግን ማንም አይጠይቅም፣ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን ጋዝ ይለቃል ሰው ይገላል፣ እሱን በሚተኛበት ክፍል ያለ እህል ላይ ጣል አድርጎ የሚያድር አለ እኮ። ስለዚህ በሀሳቡ እስማማለሁ። ወጪው ግን የማን ነው? ማሽኑ አንድ ቦታ ነው የሚተከለው፣ ከማረቆ ወይ ከአላባ ጭኜ እዛ አራግፌ እንደገና ላስጭን? ኪሎው ስንት ሊገባ ነው።

ጋሽ ታዬ፦ በዝንቡም እንዲህ ተብሎ ነበር። ቃሊቲ ላይ ወንዱን የቆላ ዝንብ በጨረር አምክነን እንለቃለን ገንዲ (ዝንቡ የሚያመጣው የከብት በሽታ) ይጠፋል ተባለ፣ ስንት ብር ፈሰሰ፣ አርባ ምንጭ ያሉት ዘመዶቼ ዛሬም በሬያቸውን መርፌ ያስወጋሉ።

ሄኖክ፦ ዘዴው እኮ ይሰራል ጋሽ ታዬ፣ ዛንዚባር ላይ ኡንጉጃ የምትባለው ደሴት በፈረንጆች 1990ዎቹ ከዝንቡ የጸዳችው በዚሁ ነው። ግን እሷ ዙሪያዋ ባህር ነው፣ ስምጥ ሸለቆ በየት በኩል ይዘጋል?

ቤቲ፦ ሁላችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። የበርበሬያችን ትልቁ ጣጣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው። ጨረር ሻጋታውን ይገላል፣ ሻጋታው አስቀድሞ የተወውን መርዝ ግን በዚህ መጠን አያጠፋውም። ሻጋታው የሚመጣው ደሞ መሬት ላይ ሲሰጣና ከዛ ነጋዴው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ብሎ ውሃ ሲረጭበት ነው። እና የሻገተውን ጨረር አስመትተን ማህተም ብንለጥፍበት ሰው ንጹህ ነው ብሎ ይገዛል መርዙ ወጥ ውስጥ ይገባል። እኔ የምቃወመው ጨረሩን ፈርቼ አይደለም፣ ለገበሬው በርበሬ ማስጫ ሸራ እንኳን ሳይደርሰው ኮባልት ይገዛል፣ እሱም በ5 አመት ከምናምን ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል ከዛ በዶላር መሙላት ነው።

ሄኖክ፦ ሸራው ይቅደም፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን ሳልሞኔላን (ሆድ የሚያሳምመውን ባክቴሪያ) ሸራ ብቻውን አያቆመውም፣ ኤክስፖርት ካሰብን አንድ ማከሚያ ማስፈለጉ አይቀርም።

ሚሚ (ሜሪላንድ)፦ እና እኔ ልግዛው ወይስ አልግዛው?

ሄኖክ፦ ግዢው።

ጋሽ ታዬ፦ አትግዢ ልጄ፣ ከአገር ቤት እናትሽ ትላክልሽ።

ያሬድ (መርካቶ)፦ ቤቲ ግን ሁሉም ነጋዴ ውሃ አይረጭም፣ በጅምላ አትስደቢን።

ቤቲ፦ የማይረጨውን ስም እዚሁ ጻፍልኝ፣ ለፋሲካ ከሱ ነው የምገዛው።