ቤቱን ሽጠን ደሴት እንግባ ወይ?

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች፣ በያላችሁበት። እኔ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ምግብ አብሳይ ናት። ሁለት ልጆች አሉን። ስናወራው የቆየነውን ነገር ዘንድሮ ልንወስን ነው፦ ጠቅልለን ደሴት መግባት። ሲሼልስ ወይ ዛንዚባር። ሁለቱም ጋ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ሲሼልስ ቪዛ አትጠይቅም ይባላል። ሙቀት እንደሆነ የድሬ ልጅ አይፈራም። ሐሳባችን ቤቱን ሸጠን እዚያ ትንሽ ምግብ ቤት መክፈት ነው። ደላላው ገዢ አምጥቶ በየቀኑ ይደውላል። እዚያ ያላችሁ እስኪ እውነቱን ንገሩን።

መልስ፣ ከማሄ፣ ሲሼልስ

ሰላም ወንድሜ። ገንደ ቆሬ ነው ያደግኩት። አሁን የሲሼልስ ትልቁ ደሴት ማሄ ላይ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። መጀመሪያ ደላላውን «ቆይ» በለው።

ቪዛ የለም የተባለው እውነት ነው፤ ግን ለጎብኚ ነው። ከመነሳትህ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ታወጣለህ፤ ይከፈልበታል። ስትደርስ የመመለሻ ትኬት፣ የምታርፍበት ቦታና በቂ ገንዘብ እንዳለህ ታሳያለህ። ከዚያ የጎብኚ ፈቃድ ይሰጥሃል። በሱ መዋኘት ትችላለህ፣ ፎቶ መነሳት ትችላለህ። መሥራት አትችልም። «ገብቼ እዚያው ሥራ እፈልጋለሁ» ብሎ የመጣ ሰው ገንዘቡን ጨርሶ ነው የሚመለሰው።

የሥራ ፈቃድ ሌላ መንገድ ነው። አንተ ድሬ ቁጭ ብለህ አሠሪህ ያመለክትልሃል። ለቦታው የአገሩ ሰው እንዳልተገኘም ማስረዳት አለበት። ፈቃዱ ሲወጣ ከዚያ አሠሪና ከዚያ የሥራ መደብ ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ከአለቃህ ጋር ተጣላህ ማለት ከአገሩ ጋር ተጣላህ ማለት ነው። ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከኬንያ፣ ከማዳጋስካር የመጣ ብዙ ሠራተኛ አለ። አብዛኛው ኮንትራቱ ሲያልቅ ሻንጣውን ያነሳል። ጠቅልሎ የቀረ ካየህ ወይ እዚህ ያገባ ነው፣ ወይ ደህና ካፒታል ይዞ የመጣ።

ምግብ ቤቱስ? የውጭ ሰው ንግድ መክፈት ይችላል፤ ግን ለአገሩ ዜጎች ብቻ የተተዉ ዘርፎች አሉ። መሬትና ቤትም የውጭ ዜጋ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይገዛም። እኔ አልፈርድባቸውም። 115 ደሴት ሲባል ሰፊ ይመስላል እንጂ ብዙዎቹ ሰው አይኖርባቸውም። የአገሩ ሕዝብ በሙሉ ተደምሮ ከድሬዳዋ ሕዝብ ያንሳል። የዓለም ሀብታም ሁሉ እየመጣ ቢገዛ ልጆቻቸው የት ይገቡ ነበር?

ስለ ሙቀቱ ልንገርህ፤ ይኼ የኔ ጉዳይ ነው። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ማታ ደጅ ቁጭ ብትል ነፋስ አለ። ማሄ ቴርሞሜትሩ ከ32 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብህ አይደርቅም። የቆዳ ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። ቁልፍ ይዝጋል። ፓስፖርቴን የማስቀምጠው በፕላስቲክ ጠቅልዬ ነው። ሊጡ ሳታስበው ይቦካል፤ እንጀራውን ፍሪጅ ካላስገባኸው በማግስቱ አረንጓዴ ነው። ጤፉ ከአገር ቤት በሰው እጅ ስለሚመጣ ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅለን እንጋግራለን። ባለቤትህ አብሳይ ከሆነች እጇ እስኪለምድ ትበሳጫለች።

ኑሮው ውድ ነው። ዓሣው ሞልቷል። ሩዙ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ ግን መርከብ ይጠብቃል። እኛ ይኼን ለመረዳት አንቸገርም። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የጅቡቲ መስመር ሲዘጋ እዚያው ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ዋጋው እንዴት እንደሚዘል ታውቃለህ። ድሬ ግን ከኋላዋ ሐረማያ አላት፤ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርደህ ትኩስ አትክልት ትመርጣለህ። ማሄ ከኋላዋም ከፊቷም ባሕር ነው።

ወባ እዚህ የለም፤ ደስ ይበልህ። ቺኩንጉንያ የሚባለው የቢንቢ ትኩሳት ግን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ተዛምቶ ነበር። ሬዩኒየን ደሴት ላይ ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉን ይዟል። አንተም በእኛ አቆጣጠር በ2011 ክረምት ማብቂያ ድሬ ውስጥ ቤት ለቤት ሲዞር አይተኸዋል። ያው ቀን የምትነክሰው ቢንቢ ናት፤ ንጹሕ ውኃ ላይ የምትፈለፈለዋ። እኛ ጋ በርሜል፣ እዚህ የአበባ ማስቀመጫና የኮኮነት ቅርፊት።

መልስ፣ ከዛንዚባር

አቦ እኔም ልግባ። ሐረር ጀጎል ነው የተወለድኩት። ዛንዚባር የድንጋይ ከተማው ውስጥ ስትገባ ቤትህ የመጣህ ይመስልሃል፤ ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጸ በር፣ አዛን፣ ደጃፍ ላይ ቡና። በዓለም ቅርስነት እሱ በ2000፣ ጀጎላችን በ2006 እ.ኤ.አ. ተመዝግበዋል። ይኼ ሁሉ ያምራል፤ ለአከራይህ ግን ምኑም አይደለም።

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ነው፤ ሆኖም በመሬትና በኢንቨስትመንት የራሱ ሕግ አለው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የውጭ ዜጋ በሊዝ ነው የሚይዘው። ሊዝ ለኛ አዲስ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ በደረጃ የተከፈለ ነው፦ «ኤ» የራሱን ሥራ ለሚሠራ፣ «ቢ» ለተቀጣሪ፣ «ሲ» ለሌላው። አንተ ያሰብከው «ኤ» ነው፤ እሱ ደግሞ ካፒታል አሳይ ይልሃል።

ምግብ ቤት ለምትለው አንድ ምክር አለኝ። ነሐሴ ላይ መጥተህ አትይ። ነሐሴ ሁሉም ይሞላል፣ ሁሉም ይስቃል። በእነሱ ሚያዝያ ና። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከባዱ ዝናብ ነው፤ ቱሪስቱ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ሆቴል ጭራሽ ይዘጋል። ያን ጊዜ የሠራተኛ ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል ሒሳብ ሠራተኛው አንተው አስላው። ረመዳን ላይም ቀን ምግብ አይሸጥም ማለት ይቻላል።

መብራቱ ከዋናው ምድር በባሕር ውስጥ ገመድ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ተበላሽቶ ደሴቱ ሦስት ወር ያህል በጨለማ ከርሟል። ዛሬ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ጄኔሬተር የሌለው ምግብ ቤት አላውቅም።

ደግሞ ሳልረሳው፤ ጫት ታንዛኒያ ውስጥ ወንጀል ነው። ለራሴ ነው፣ ትንሽ ናት፣ የአወዳይ ናት ብሎ ነገር የለም። ሻንጣ ውስጥ እንዳትገኝ። ከሰዓት በኋላ ያለ በርጫ መኖር የማይችል ሰው እዚህ ባይመጣ ይሻለዋል።

መልስ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ስለ ደሴቱ አላውቅም፤ ስለ ብሩ ግን ላስገባ። ቤት የሸጥክበትን ብር ይዘህ መጥተህ «ወደ ዶላር ለውጡና ላኩልኝ» ብትል አይሆንም። ለጉዞ የሚፈቀደው የውጭ ምንዛሪ ገደብ አለው፤ ሀብት ወደ ውጭ ማውጣት ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ውጪ አይቻልም። በጥቁር ገበያ ካልክ ራስህን ለኪሳራና ለክስ እየሰጠህ ነው። ብሩ እዚህ ይቀመጣል፤ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የተቀመጠ ብር ምን እንደሆነ አይተናል። ቤቱ ግን ቤት ነው። አከራየው።

ፓስፖርት ለመለወጥ ካሰባችሁም ደግማችሁ አስቡበት። በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጥ ቢጫ ካርድ አለ፤ በአዋጅ 270/1994 ብዙ መብት ይሰጣል፣ ግን መምረጥና መመረጥ የለበትም። ይኼ ለብዙ ሰው ችግር አይሆን ይሆናል። ለአንዳንዱ ነው።

ጠያቂ

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁም። ለደላላው ዛሬ «ቆይ» አልኩት፤ ተቆጣ። ባለቤቴ ግን ሐሳቡን አልጣለችም። ማሄ ላይ በአብሳይነት ኮንትራት ብታገኝ እሷ ቀድማ ትሂድ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ልቆይ ትላለች። በኋላ እንከተላታለን ወይ? ልጆቹስ በምን ቋንቋ ይማራሉ?

መልስ፣ ከማሄ

ይኼ ይሻላል። ከሁላችሁም እሷ ናት በደንብ ያሰበችው።

የቤተሰብ ፈቃድ ለብቻው ነው የሚጠየቀው፤ ከሷ ፈቃድ ጋር ተያይዞ አይመጣም። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት አሠሪውን በጽሑፍ ትጠይቀው፦ መኖሪያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለቤተሰብ? ብዙ ሆቴል ለሠራተኛው የሚሰጠው የጋራ ክፍል ነው። እዚያ ባል አይገባም፣ ልጅ አይገባም። የመመለሻ ትኬቱን ማን እንደሚከፍልም ይጻፍ። «ብቻ ገንዘብ ላኪ፣ ጎብኚ ሆነሽ ግቢ፣ ከዚያ እንቀይርልሻለን» የሚል ኤጀንት ነኝ ባይ ካገኛችሁ ስልኩን ዝጉት።

ትምህርቱ ትንንሾቹን በአገሩ ቋንቋ በክሪዮል ይጀምርላቸዋል፤ ከዚያ እንግሊዝኛ ይገባል፣ ፈረንሳይኛም አለ። ለትንሹ ልጅ ቀላል ነው። እኛ ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየቀላቀልን ነው ያደግነው፤ አንድ ዓመት ይበቃዋል። ትልቋን ግን እንግሊዝኛዋን ከአሁኑ አጠንክሩላት።

የምትመጣ ከሆነ ስለ ሻንጣው ልንገራት። አገሩ ለደሴቶቹ ተክልና እንስሳ በጣም ይጠነቀቃል። ዘር፣ ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ ያለ ፈቃድ አይገባም። ቋንጣውንና ቅቤውን ትተዋቸው። በርበሬና ሽሮ ከያዘች በደንብ የታሸገ ይሁን፤ ስትገባ የምትሞላው ቅጽ ላይም አንድ ሳታስቀር ትጻፈው።