የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ውሃ እንደያዘ ቆመ፣ ስነካው ይነዝረኛል! ቶሎ መልሱልኝ

የማሩ እናት፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ በሉ። ማሽኑ መሃል ላይ ቆመ። ውሃው አልወረደም፣ በሩም አልከፈት ብሏል። ከስር እያንጠባጠበ ወለሉ ረጥቧል። በሩን ልከፍት ስል ብረቱ ነዘረኝ። ውስጡ ነገ ለእህቴ ልጅ ክርስትና የምለብሰው የሀበሻ ቀሚስ አለ። ምን ላድርግ?

ጉርድ ሾላ፦ ወንድሜ ንቀለውና አምስት ደቂቃ ቆይተህ መልሰህ ሰካው። የኔም እንደዚህ ያደርገዋል።

ነጠላ ለባሽ፦ ቆይ፣ የሀበሻ ቀሚስ ማሽን ውስጥ ይገባል እንዴ? ጥለቱ ቀለም ይለቃል እኮ። ሽመናውም ይጎዳል። በእጅ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚታጠበው።

የማሩ እናት፦ እህት ነኝ። ጥለቱም ነጭ ነው። የቀሚሱን ነገር ኋላ እናወራለን፣ ወለሉ ላይ ውሃ አለ!

ቡልቡላ፦ ሶኬቱን ገልብጠሽ ሰኪው፣ መንዘሩ ይጠፋል። እኛ ቤት ሦስት ዓመት እንደዚያ ነው የምንጠቀመው።

የመስመር ሰው፦ እህቴ፣ ማሽኑንም ሶኬቱንም እንዳትነኪ! እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ሶኬት መንቀል ሰው ይገድላል። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርጂ። የማሽኑ የቱ እንደሆነ ካላወቅሽ ዋናውን አውርጂው፤ ቤቱ ቢጨልም በስልክሽ ታበሪያለሽ። ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ካለብሽ ግን አትሂጂ። ውጭ ቆጣሪው ጋ ያለው ይውረድ። ሶኬቱ የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ነው፣ በደረቅ እጅና በደረቅ ጫማ። የውሃ መግቢያውን ቧንቧም ዝጊ።

ቡልቡላ፣ አንተም አደራህን። ሶኬት መገልበጥ መንዘሩን ቢደብቀው እንጂ ብልሽቱን አያድነውም። ማሽን የሚነዝረው ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አምልጦ በግራውንድ ሽቦ ወደ መሬት መውረድ ሲያቅተው ነው። ያኔ ሰው ሲነካው በሰውየው በኩል ይወርዳል። ልጅ በባዶ እግሩ ቢነካውስ?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ዲቫይደር ላይ ነው የሰካሽው? እኔ ይህን ነገር ስናገር ዕድሜዬ አለቀ። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን 2000 ዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ማለት ነው። ያ ቀጭን የዲቫይደር ገመድ ለስልክና ለቴሌቪዥን ነው እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ግራውንድ እንኳ የሌለው ዲቫይደርም አለ። ማሽን በቀጥታ ግድግዳው ላይ፣ ግራውንድ ባለው ሶኬት ነው የሚሰካው።

የማሩ እናት፦ አዎ ጋሼ፣ ዲቫይደር ላይ ነው። አሁን ብሬከሩን አውርጄ ነቅዬዋለሁ። ውሃውን እንዴት ላውጣው? ከፊት የሚከፈት ነው።

ሳሪስ 58፦ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪው፣ ይሠራል።

ቤይሩት የነበርኩ፦ እማዬ አይዞሽ፣ ቀላል ነው። ቤይሩት ስድስት ዓመት ስሠራ ይህን ነገር በየወሩ እከፍተው ነበር። ከፊት ለፊት፣ ከታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ትንሽ ክዳን አለች። ውሃው ሙቅ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቂ፣ እኔን አንዴ እጄን አቃጥሎኛል። ፎጣ አንጥፊና ዝርግ ትሪ ከስሩ አስገቢ። ቀጭን ጎማ ካለው ቡሹን ነቅለሽ በሱ አውርጂው። ከሌለው ክቧን ማጣሪያ ወደ ግራ በጣም በቀስታ አዙሪያት። ትሪው ሲሞላ መልሰሽ አጥብቂ፣ ድፊ፣ እንደገና። አሥር ጊዜም ሊሆን ይችላል፣ አትቸኩይ። ውሃው ሲያልቅ ማጣሪያዋን ሳቢያት። የሚዘጋት ሳንቲም፣ መርፌ ቁልፍ ወይ የሕፃን ካልሲ ነው። በሩን በጉልበት አትጎትቺ፣ እጀታው ይሰበራል። መብራቱ ከተቋረጠ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መቆለፊያው ራሱ ይለቃል።

አዲሱ ገበያ፦ ግራውንድ ከሌለ ከማሽኑ ጀርባ ሽቦ አውጥታችሁ ከውሃ ቧንቧ ጋር እሰሩት፣ አለቀ።

የመስመር ሰው፦ እንዳታደርጉት! ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ምንም አይጠቅምም። ብረት ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ሻወር ሲገባ ይነዝረዋል።

የማሩ እናት፦ ተመስገን! ቀሚሱ ወጣ። የማሩ ካልሲና ሁለት ሳንቲም ነው የዘጋው። ቤይሩት የነበርሽው እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አሁን መልሼ ልሰካው?

የመስመር ሰው፦ ዛሬ አይሆንም። የተዘጋው ተከፈተ እንጂ የሚነዝረው አልተሠራም። ቀሚሱን በእጅ አለቅልቂው። ባለሙያ መጥቶ ማሞቂያውንና ፓምፑን በመለኪያ ይይ፤ ሶኬቱም ግራውንድ ይኑረው። ከቻልሽ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ራሱ የሚወርድ ብሬከር አስገቢ፣ ባለ 30 ሚሊአምፔሩን። ደግሞ ያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከጎማው ነው ከፓምፑ? አይተሽዋል?

ነጠላ ለባሽ፦ ስታሰጪው ፀሐይ ላይ አታድርጊው፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

የመስመር ሰው፦ የማሩ እናት፣ አለሽ? መልሰሽ አልሰካሽውም አይደል?

ጉርድ ሾላ፦ ወንድም የመስመር ሰው፣ የኔም በእርጥብ እጅ ስነካው ቆንጠጥ ያደርገኛል። ሶኬቴ ባለሁለት ቀዳዳ ነው። ግራውንድ እንዳለው በምን አውቃለሁ?