አያቴ ሶላቶ ነበር፣ በኋላ ቤልጂየም ከሰል ማዕድን ገባ፣ ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

የደሴዋ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ። እናቴ የተወለደችው በ1932 ዓ.ም ደሴ ነው፣ አባቷ የጣሊያን ጦር ሹፌር ነበር፣ ከሴት አያቴ ጋር ሁለት አመት ያህል አብረው ኖረዋል ከዛ እንግሊዞች ሲገቡ ተማርኮ ተወሰደ በቃ፣ እናቴ አታስታውሰውም። ብዙ አመት ቆይቶ አንድ ደብዳቤና አንድ ፎቶ በሚሲዮን በኩል መጣ፣ ደብዳቤው ጠፍቷል ፎቶው ግን አለ፣ አያቴ እስክትሞት ሳጥኗ ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ነበር ያስቀመጠችው። ፎቶው ላይ ፊቱ በከሰል የጠቆረ ሰው መብራት ይዞ ቆሟል፣ ከጀርባው ስሙና የቤተሰብ ስሙ ተጽፏል (እዚህ አላወጣውም) ከስሩ ደግሞ «ሻርለሯ 1951» ይላል (ቤልጂየም ያለች የከሰል ማዕድን ከተማ ናት፣ አመቱ በፈረንጅ ነው)።

እማዬ «የሶላቶ ልጅ» እየተባለች ነው ያደገችው፣ አሁን 86 አመቷ ነው፣ ባለፈው ታማ ሆስፒታል ገብታ ሳለ «የት እንደተቀበረ እንኳን ሳላውቅ ልሞት ነው» አለችኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ውርስም ፓስፖርትም አልፈልግም፣ የት ተወለደ፣ እንዴት ከወታደርነት ወደ ማዕድን ገባ፣ የት ሞተ፣ ይሄንን ብቻ ነው። የቀይ መስቀል ጄኔቫ ይጀመር የሚል አለ ሮም የሚልም አለ። የምታውቁ በናታችሁ።

ብራስልስ ነኝ
እህቴ ከብራስልስ ጀምሪ። ምክንያቱም ያለሽ መረጃ ስምና ሻርለሯ ነው፣ የትውልድ ከተማውን አታውቂም፣ የጣሊያን መዝገብ ደግሞ የትውልድ ከተማ ካላወቅሽ አይከፈትም። እዚህ ግን ለስራ የገባ የውጭ ሰው ሁሉ የውጭ ዜጎች ፖሊስ ፋይል ይከፍትለት ነበር፣ ፋይሉ ውስጥ የት እንደተወለደ መቼ እንደገባ የት ማዕድን እንደተቀጠረ የትኛው ሰፈር እንደኖረ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ፎቶም አለው። ለመንግስት ዋና ቤተ መዛግብት በኢሜይል ሙሉ ስሙንና የሚገመተውን የልደት አመት ጻፊላቸው፣ ፋይሉ እነሱ ጋር ካልሆነ ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ይመሩሻል።

የልደት አመቱን ለመገመት ይሄን ያዢ። ቤልጂየምና ጣሊያን ጁን 23 ቀን 1946 ሮም ላይ ውል ተፈራረሙ፣ ጣሊያን 50,000 ሰው ትልካለች፣ ቤልጂየም በለውጡ ከሰል ትሸጥላታለች። ጣሊያኖቹ እስካሁን «በከሰል ሸጡን» ነው የሚሉት። ውሉ እድሜ እስከ 35 ይላል፣ ስለዚህ ከ1911 በፊት የተወለደ አይመስለኝም። ሚላኖ ባቡር ጣቢያ ስር ተሰብስበው በሐኪም ተመርምረው በባቡር ነው የሚመጡት፣ ሲደርሱ የሚያድሩበት ብዙ ጊዜ የጦር ምርኮኛ የነበረበት የቆርቆሮ ባራክ ነው። እንግዲህ አያትሽ ራሱ ከምርኮ ወጥቶ መሆኑን አስቢው። መሬት ስር ወርዶ ፈርቶ አልሰራም ያለ ደግሞ ብራስልስ ፔቲ ሻቶ የሚባል ግቢ ታስሮ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር።

ጋሽ የወሎው
ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው የሰበራቸው፣ ስለዚህ አያትሽ ደሴ ከተያዘ የምርኮው ቀን በዛ ሰሞን ነው፣ ይሄንን ማመልከቻሽ ላይ ጻፊው። ምርኮኞቹን አብዛኛውን ወደ ኬንያ ነው ያወረዷቸው፣ ናኑኪ፣ ናይቫሻ፣ ንዬሪ ትልልቅ ካምፖች ነበሩ፣ ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ማይ ማሂዩ ያለችውን ትንሿን ቤተክርስቲያን በፈረንጅ 1942 የሰሩት እነሱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካና ህንድ የተወሰዱም አሉ። ብዙዎቹ አገራቸው የገቡት በ1946 እና 47 በፈረንጅ ነው፣ ሲገቡ አገሩ ፈርሷል ስራ የለም፣ ያኔ ነው የቤልጂየም ማስታወቂያ በየመንደሩ ተለጥፎ የጠበቃቸው። የጠየቅሽው «እንዴት ከወታደርነት ወደ ማዕድን» መልሱ ይሄ ይመስለኛል።

ተስፋ በሮም
እኔ ደግሞ ቀጣዩን ልንገርሽ። የትውልድ ከተማው ከብራስልስ ከመጣልሽ በኋላ በዛ አውራጃ ያለው አርኪቪዮ ዲ ስታቶ (የመንግስት ቤተ መዛግብት) ጋር «ፎሊዮ ማትሪኮላሬ» ብለሽ ጠይቂ፣ የወታደር የግል መዝገብ ነው፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ አመትና ቦታ ብቻ ነው የሚፈልጉት። እዛ ላይ መቼ ምፅዋ እንደወረደ፣ በየትኛው ክፍል እንደነበረ፣ መቼ እንደተማረከ፣ መቼ እንደተሰናበተ በየመስመሩ ይወጣል። የልደት መዝገብ ደግሞ «አንቴናቲ» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ ላይ ስካን ተደርጎ ብዙ አውራጃ ገብቷል ግን ሁሉም አይደለም። ጄኔቫንም አትተዪው፣ የቀይ መስቀል ማህደር የምርኮኛ ጥያቄ የሚቀበለው በተወሰነ ጊዜ በኮታ ነው፣ ድረ ገጹ ሲከፈት ቶሎ ግቢ።

አንድ ነገር ግን እህቴ በፍቅር ነው የምነግርሽ፣ መዝገቡ ሲመጣ ተዘጋጂ። ሹፌር ነበር ብላችሁ ነው የምታውቁት፣ ክፍሉ ግን የካቲት 12 አዲስ አበባ ነበረ ወይም በ1929 ግንቦት ደብረ ሊባኖስ ላይ ነበረ የሚል ሊመጣ ይችላል። ለእማማ ከማንበብሽ በፊት ብቻሽን አንብቢው።

አርበኛ ዘር
እኔ ልናገር፣ አልሳደብም። የአያቴ ወንድም ማይጨው ላይ በመርዝ ጋዝ ነው የሞተው፣ ስለዛ የሶላቶ መቃብር ፍለጋ ሲባል ያመኛል፣ እዚህ የሁሉም ሰው ለእርዳታ መሯሯጥ ገርሞኛል።

የደሴዋ (ጠያቂ)
ወንድሜ ነፍሳቸውን ይማር፣ አልቀየምህም። የሴት አያቴ ወንድሞችም ዘምተዋል አንዱ አልተመለሰም፣ እኛ ቤት ሁለቱም ለቅሶ አለ። እሱን ላከብረው አይደለም የምፈልገው። እናቴ ግን ምንም አላደረገችም፣ ተወለደች ብቻ፣ ለዛም ሰፈር ውስጥ ከልጅነቷ ከፍላለች።

አርበኛ ዘር
ገባኝ እህቴ። እማማን እግዜር ይማርልሽ።

ህግ ተማሪ
የወረቀት ችግር ስለሚገጥምሽ ቀድመሽ እወቂው። ጣሊያኖች ኤፕሪል 19 ቀን 1937 ባወጡት አዋጅ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 አመት ይታሰራል፣ ሜይ 13 ቀን 1940 ደግሞ ክልስ ልጅን ጣሊያናዊ አባት መቀበል አይችልም የሚል ህግ ወጣ። እናትሽ የተወለዱት በ1932 ዓ.ም፣ በዚሁ ሰሞን ነው፣ የአባታቸው ስም የትም ባይገኝ ካዳቸው ማለት አይደለም፣ ከ1940ው ህግ በኋላ ቢፈልግም ሊያስመዘግባቸው አይችልም ነበር። ይሄንን ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ እኔ የማውቃቸው አንድ እናት ይሄን ሲሰሙ ነው መጀመሪያ ያለቀሱት።

ስለዚህ «የልጅ ልጅ ነኝ» ብለሽ በወረቀት ማስረዳት ይከብድሻል። መውጫው ምንድነው፣ ቤልጂየም ውስጥ የሞት መዝገብ 50 አመት ካለፈው ማንም ማየት ይችላል፣ ጋብቻ 75 ልደት 100 አመት ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት ሞቶ ከሆነ ዝምድና ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ካልሆነ የእማማን ዲኤንኤ አሁኑኑ አሰሪ፣ በእናትሽ ነው እንጂ በአንቺ አይደለም፣ እሳቸው ግማሹን ከአባታቸው ይዘዋል አንቺ ጋር ሲደርስ ሩቡ ነው፣ ጣሊያን ወይ ቤልጂየም ያሉ ዘመዶች ተመርምረው ከሆነ በስም ይወጣሉ።

ብራስልስ ነኝ
ትክክል ነው። እኔ ልጨምር፣ ሻርለሯ ሲባል ያኔ ከተማዋ ብቻ አይደለችም፣ ማርሲኔል፣ ጁሜ፣ ጂሊ ሁሉም የየራሳቸው ማዘጋጃ ነበራቸው፣ በ1977 ነው የተጠቃለሉት፣ ስለዚህ አሁን ጥያቄሽን ለአንዱ ለሻርለሯ ከተማ ነው የምትልኪው። ሌላው ከባድ ነገር፣ ኦገስት 8 ቀን 1956 (ነሐሴ 2 ቀን 1948) ማርሲኔል ቧ ዱ ካዚዬ ማዕድን እሳት ተነስቶ 262 ሰው ሞቷል፣ 136ቱ ጣሊያኖች ናቸው። ቦታው አሁን ሙዚየም ነው፣ የሟቾቹ ስም ሁሉ ተጽፏል፣ አንድ ኢሜይል ላኪና ስሙ እንደሌለ አረጋግጪ፣ ካለም የት እንደሞተ ታወቀ ማለት ነው። ከእንዲህ አይነት አደጋ የተረፉት የማዕድን ሰራተኞችም ብዙዎቹ በአቧራው ሳንባቸው ተበልቶ ነው የሞቱት፣ ሲሊኮሲስ ይሉታል፣ ቤልጂየም የስራ በሽታ ነው ብላ የተቀበለችው በ1964 ነው። ለዛ ካሳ ያመለከተ ከሆነ የጣሊያን ሰራተኞችን ጉዳይ የሚከታተሉት ፓትሮናቶዎች ጋር ፋይል ሊኖረው ይችላል።

እስቲ ፎቶውን እንደገና እዪው፣ መብራቱ ላይ ወይ ደረቱ ላይ ቁጥር አለ? እያንዳንዱ ሰራተኛ የራሱ ቁጥር ያለው የብረት መለያ ነበረው፣ ሲወርድ ሲወጣ በሱ ነው የሚቆጠረው። የማዕድን ድርጅቱን ካወቅን የሰራተኛ መዝገብ ላይ ስሙን በዛ ቁጥር ማመሳከር ይቻላል።

የደሴዋ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አነበብኩላት። አዋጁን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «አያትሽ ይሄን ብታውቅ» ብቻ አለች። ፎቶውን በስልክ አጉልቼ አየሁት፣ መብራቱ ላይ አራት አሃዝ አለ፣ የመጨረሻው 3 ይሁን 8 አልለይ ብሎኛል፣ ከኋላው ደግሞ ግንብ ላይ የተጻፈ ፊደል ግማሹ ይታያል። ነገ ጠዋት ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ ስካን አስደርጋለሁ፣ ብራስልስ ያልከው በውስጥ መስመር ልላክልህ? ለቤተ መዛግብቱ የሚሄደውን ኢሜይልም ጀምሬዋለሁ፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተካክልልኝ ካለ እጠብቃለሁ።

ብራስልስ ነኝ
ላኪልኝ። ፈረንሳይኛውን እኔ አስተካክላለሁ፣ ቅዳሜ እረፍት ነኝ፣ ሻርለሯ ባቡር አንድ ሰአት አይፈጅም፣ ቧ ዱ ካዚዬ ሄጄ የስሞቹን ዝርዝር በአይኔ አይልሻለሁ።