ፎቁ በነፋስ ሲወዛወዝ ያስፈራል ወይስ ያለ ነገር ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮዬ 40ኛ ፎቅ ላይ ነው። ነፋስ ሲበረታ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየኛል፣ ግድግዳውም ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። አንዳንዴ ያጥወለውለኛል። ጭራሽ እንዳይነቃነቅ አድርጎ መሥራት አይቻልም?

መልስ
እህቴ፣ ስትራክቸራል ኢንጂነር ነኝ፤ መወዛወዙ ብቻውን የአደጋ ምልክት አይደለም። ብረትም ኮንክሪትም ሲገፋ በመጠኑ ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። አጠንክሮ መሥራት ይቻላል፣ ግን ፎቅ በጨመረ ቁጥር ወጪው ከቁመቱ ቀድሞ ይንራል።

ደግሞ ዋናው ችግር ከፊት የሚመጣው ግፊት ብቻ አይደለም። ነፋሱ ሕንፃውን አልፎ ሲሄድ ከጀርባው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ አዙሪት ይፈጠራል፤ እያንዳንዱ አዙሪት ሕንፃውን ወደ ጎን ይስበዋል። የአዙሪቱ ምት ከሕንፃው የራሱ ምት (ሲገፋ ወዲያና ወዲህ ከሚልበት ፍጥነት) ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በየመመለሻው ገፋ እንደማድረግ ነው፤ ትንሿ ግፊት እየተጠራቀመች ትሄዳለች። ብዙ ረጃጅም ሕንፃዎች ከነፋሱ አቅጣጫ ይልቅ ወደ ጎን የሚወዛወዙት ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ቅርጹን ነው። የዱባዩ ሰማይ ጠቀስ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ሆኖ ዳምፐር (መወዛወዝን የሚያበርድ ከባድ ክብደት) የለውም። ወደ ላይ ሲወጣ ስፋቱ ደረጃ በደረጃ ስለሚቀንስ አዙሪቱ በየከፍታው የተለያየ ምት ይይዛል፣ ተባብሮ መግፋት ያቅተዋል። ይህን ያገኙት ሞዴሉን በነፋስ መፈተሻ ዋሻ ውስጥ ደጋግመው እየሞከሩ ነው። በጣም የምወደው ሥራ ነው!

ሌላ ተሳታፊ
ታይዋን ያለው ረጅም ሕንፃ ታይፔይ 101 ላይ የተሰቀለው ትልቅ ኳስስ ምን ይሠራል?

መልስ
እሱ 660 ቶን ይመዝናል፣ ከጎን ወደ ጎን ስፋቱ 5.5 ሜትር ነው፤ ከ92ኛው ፎቅ በኬብል ተንጠልጥሏል። የኬብሉ ርዝመት የተለካው ምቱ ከሕንፃው ምት ጋር እንዲቀራረብ ነው። ሕንፃው ሲሄድ ኳሱ ወደኋላ ይቀራል፣ በዚህም ይጎትተዋል። ልብ በሉ፣ ኳሱ ብቻውን ጉልበቱን አያጠፋም። ከሥሩ ያሉት ዘይት የያዙ ፒስተኖች ናቸው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት የሚቀይሩት። በነሐሴ 2015 (እ.ኤ.አ.) በሱዴሎር አውሎ ነፋስ ጊዜ ኳሱ ወደ 1 ሜትር ያህል ተንቀሳቅሷል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ማጥወልወሉስ?

መልስ
ሰውነታችን የሚሰማው ሕንፃው ስንት ሴንቲሜትር እንደሄደ ሳይሆን ፍጥነቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው። ለዚህ ነው ለመውደቅ ፈጽሞ የማያሰጋ ሕንፃ ሰውን ሊያሳምም የሚችለው፤ ዲዛይን ሲሠራ የሰው ምቾት ለብቻው ይሰላል። ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ካለ አልስማማም። ሲጢጥታው ባብዛኛው ክፍሎቹን የሚለዩት ቀላል ግድግዳዎች እርስ በርስ ሲፋተጉ ነው። ግን አዲስ ስንጥቅ ካየሽ፣ ወይም በር አልዘጋ ካለ፣ ለሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ አሳውቂ፤ የነፋሱን ቀንና ሰዓትም ጨምሪበት።